ልብስ የለበሰ ሞተር

ዛሬ ጠዋት በራችን ላይ አንድ ሞተር ሳይክል አስሎ አስሎ ቆመ። እኔ እንደ ልማዴ ወንበሬን ደጅ አውጥቼ፣ ሻዬን ይዤ፣ የአዳማ ፀሐይ ሳትከርር አላፊ አግዳሚውን እያየሁ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ዋናው ሥራዬ ይኸው ነው። ባለሞተሩ ለየሰዉ ቤት ዕቃ የሚያደርስ ወጣት ነው፤ ከኋላው ትልቅ ሳጥን ጭኗል። ወረደና መርገጫውን ደጋግሞ ረገጠው። እንቢ ሲለው ከወንበሩ ሥር ካቻቢቴ አወጣና መንገዱ ዳር ቁጢጥ ብሎ ካርቡራተሩን ይፈታ ጀመር።

የዘንድሮ ልጅ ካርቡራተር ይፈታል ብዬ አላስብም ነበርና ደስ አለኝ። “ምን ሆነብህ ልጄ?” አልኩት።

“ቤንዚኑ ቆሻሻ ነው መሰለኝ አባባ። ስነፋው ይነሣል፤ ትንሽ ሄዶ ይቆማል። ትንሽ ካረፈ ደግሞ ይነሣል። አሰልችቶኛል።”

ትንሽ ሄዶ ይቆማል፤ ትንሽ ካረፈ ይነሣል። ይህን ስሰማ የሻይ ብርጭቆዬ እጄ ላይ ቀረ። ዓይኔ በቀጥታ ወደ ቤንዚን ታንኩ ክዳን ሄደ። ክዳኑ በጥቁር ፌስታል ተጠቅልሎ በላስቲክ ጥፍር ተደርጎ ታስሯል። በሽታው ምን እንደሆነ እዚያው በተቀመጥኩበት አወቅሁት። ነገር ግን አልተናገርኩም። ባለቤቴ ጫልቱ በውስጥ በኩል መስኮቱ ሥር ሽንኩርት እየከተፈች ነው። ብናገር ትሰማኛለች፤ ከሰማች “አንተ ይህን ከየት አወቅህ?” ማለቷ አይቀርም። እኔ ደግሞ ይህን ነገር ለእሷ እንዳልነግራት ለአባቷ ቃል ሰጥቻለሁ። አባቷ ካረፉ ስንት ዘመናቸው፤ ቃሉ ግን ቃል ነው።

ያኔ አዳማን ናዝሬት ነበር የምንላት። እኔ ወለንጪቲ አስተምር ነበር፤ የማድረው ግን ናዝሬት፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ዘውዴ ቤት ነው። ወደ ሌላ አገር ከተዛወረ መምህር የገዛኋት አንዲት ያረጀች ሞተር ነበረችኝ፤ በእሷ እመላለሳለሁ። የዚያ መንገድ አቧራ ለጉድ ነው። ጠዋት ክፍል ስገባ ፀጉሬና ቅንድቤ ዱቄት የተነፋበት ይመስላል፤ ተማሪዎቼ “ጋሼ ዛሬም ሸብተው መጡ” እያሉ ይስቁብኛል። አሁን በእውነት ሸብቼ ስገኝ ግን ማንም አይስቅም።

ሞተር አዋቂ ነኝ ባይ ነበርኩ። እውነቱን ለመናገር የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ካርቡራተር መፍታት። ሞተሩ ካሳለ እፈታለሁ። ከጮኸ እፈታለሁ። ጭስ ከበዛበት እፈታለሁ። የታችኛዋን ኩባያ አወልቃለሁ፣ ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀጭን ቀዳዳ በአፌ እነፋለሁ፣ ከፍሬን ሽቦ የመዘዝኳትን ጭራ አስገብቼ አወጣለሁ፣ መልሼ እገጥማለሁ። ብዙ ጊዜ ይሠራል። ቤንዚኑ በርሜል ውስጥ ከርሞ፣ በጀሪካን ተገልብጦ የሚሸጥ ነበርና ቆሻሻ አያጣም። አንድ መድኃኒት ብቻ የሚያውቅ ሐኪም ሁሉም በሽተኛ አንድ ዓይነት ይመስለዋል፤ እኔም እንደዚያ ነበርኩ።

ጫልቱ የመቂ ልጅ ናት። ናዝሬት አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ ስፌትና ጥልፍ ትማር ነበር። ያን ጊዜ እቤት ውስጥ ያለ ዕቃ ሁሉ ልብስ ይለብስ ነበር። ሬዲዮው ልብስ አለው፣ ወንበሩ ልብስ አለው፣ ቴርሞሱ ሳይቀር ቀሚስ ነበረው። ራቁቱን የተቀመጠ ዕቃ የታየበት ቤት ባለሙያ ሴት የሌለበት ቤት ነው። ጫልቱ በጥልፍ የታወቀች ነበረች። በሠራችው ሁሉ ላይ አንዲት ወፍ ታስቀምጣለች፤ የወፏ አንዱ ክንፍ ቀይ፣ ሌላው ሰማያዊ ነው። ልጅ ሳለች የአባቷን ሬዲዮ ልብስ ስትጠልፍ ቀዩ ክር አለቀባትና ሁለተኛውን ክንፍ በሰማያዊ ጨረሰችው። ከዚያ በኋላ ወደደችው፤ ክር ሞልቶ ተርፎም እንኳ እንደዚያው ነው የምትሠራው።

እንዴት እንደተዋወቅን ማውራት ከጀመርኩ አልጨርስም። ባጭሩ አክስቷ ሰፈራችን ነበሩ፣ እኔም ቁልፉ የተበጠሰ ሸሚዝ አላጣም ነበር። አንዳንዱን ቁልፍ ራሴ ነበርኩ የምበጥሰው። አክስትየው ያውቃሉ፤ እያወቁ እንዳላወቁ ይሆናሉ። አባቷ ግን አያውቁም፣ ማወቅም አልነበረባቸውም። አቶ ገመቹ መቂ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ለአዲስ አበባ ገበያ የሚያስጭኑ ትልቅ ደላላ ነበሩ። ልጃቸው እሳቸው ሳያውቁ ከወንድ ጋር እንደምትገናኝ ቢሰሙ “እኔ ሙያ ተማሪ ብዬ ብልካት!” ብለው ሁሉንም ነገር በዚያው እንደሚዘጉት ጫልቱ ታውቅ ነበር። ስለዚህ ወጉ እንደሚያዘው ሽማግሌ መላክ ነበረብኝ፤ ከዚያ በፊት ዓይኗን እንኳ አይቼ እንደማላውቅ ሆኜ።

ሽማግሌ ተመረጠ። ሁለቱ የመቂ ሰዎች ናቸው፤ ዋናው ጋሼ ዘውዴ። አቶ ገመቹ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እቤታቸው እንደሚጠብቁ አስታወቁ። የዓለም ጤና ከተማ አንድ የእህል ነጋዴም ለልጁ ሽማግሌ ሊልክ ማሰቡን ሰምተናል። ያ ባይሆንም እንኳ የአቶ ገመቹን ጠባይ አገር ያውቀዋል። “ቲማቲም አይጠብቅም” የሚል ንግግር ነበራቸው። መኪና የዘገየበትን ነጋዴ በዚህች ቃል ያሰናብቱታል፤ ከዚያ በኋላ አይመለሱለትም።

ጋሼ ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሎ ያስቸግራቸው ነበርና አውቶቡስ ውስጥ ተኮራምቶ መቀመጥ አይሆንላቸውም። ሞተር ላይ ግን እግራቸውን እንደልባቸው ይዘረጋሉ። ስለዚህ እኔ ላደርሳቸው ሆነ። መቂ መግቢያ ላይ አውርጃቸው ሻይ ቤት እደበቃለሁ። ሚስት የሚጠየቅለት ሰው ሽማግሌው ካለበት ደጅ መታየት የለበትም፤ ነውር ነው።

ጫልቱ ቀድማ ወደ መቂ ስትሄድ አክስቷ ዘንድ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ትታልኝ ነበር። ቅዳሜ ፈታሁት። ለሞተሬ የቤንዚን ታንክ ክዳን የተሰፋ ልብስ ነው። ዳሩ በላስቲክ የተቀመቀመ፣ ክዳኑ ላይ ሲገባ ጥብቅ የሚል፣ ውስጡ አቧራ እንዳያስገባ ድርብ ፕላስቲክ የተገጠመለት፤ መሐሉ ላይ ያቺ ወፍ፣ አንድ ክንፏ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ። “ለመንገዱ አቧራ” ብላለች አሉ አክስትየው። ሬዲዮ የሚለብሰውን ሞተሬም ለበሰ ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ከደስታዬ ብዛት ማታ ጋራዥ የሌለውን ሞተሬን ሳሎን አስገብቼ አሳደርኩት።

ጥቅምት ነበር። ጠዋቱ ይበርዳል፤ የሞጆ ሜዳ ጤፉ ገና ወደ ቢጫነት እየሄደ ነበር። ጋሼ ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዘንጋቸውን በእኔና በእሳቸው መሐል አጋድመው፣ ሚስታቸው እትዬ የቋጠሩላቸውን ጭኮ በጉያቸው ይዘው ከኋላዬ ተቀመጡ። የገብሱና የቅቤው ሽታ እስከ አፍንጫዬ ይመጣል። ሞጆን እንዳለፍን ሞተሩ አሳለና ቆመ።

ወረድኩ፤ ካቻቢቴዬን አወጣሁ። ካርቡራተሩን ፈታሁ፣ ነፋሁ፣ ገጠምኩ። ጋሼ በበኩላቸው ሥራ አላጡም። በወጣትነታቸው በቅሎ ነበራቸው፤ በቅሎ መንገድ ላይ ስትቆም መጀመሪያ የሚጠየቀው ጠጥታለች ወይ ነው። ስለዚህ ክዳኑን ከነልብሱ አዙረው ከፈቱት፤ ጢስ የሚል ድምፅ ተሰማ። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ወደ ታንኩ ውስጥ አዩ።

“አለው” አሉ፤ መልሰው ገጠሙት። “ደክሞት ነው እንጂ ቤንዚንስ አለው። ሲከፈትለት እንዴት አድርጎ ተነፈሰ፣ ምስኪን።”

እኔ አፌ ቤንዚን ቤንዚን እያለኝ ረገጥኩት፤ ተነሣ። “አየህ፣ ጋሼ፣ ቆሻሻ ነበር የያዘው” አልኳቸው በኩራት።

ቆቃ ስንደርስ ደግሞ ቆመ። ከሐይቁ በኩል የዓሣ ጥብስ ሽታ ይመጣል፤ ዳር ላይ ያሉት ልጆች በገመድ የታሠረ ዓሣ እያንጠለጠሉ መኪናውን ሁሉ ያስቆማሉ። እኔ ፈታሁ፣ ነፋሁ። ጋሼ ከፈቱ፣ አዩ፣ “አለው” አሉ። ገጠሙ። ተነሣ። ጋሼ ዓሣው ላይ ዓይናቸውን ጥለው “በመልሳችን” አሉ። እኔ ግን መልሳችን እንዴት እንደሚሆን አላውቅም ነበርና ዓሣም ጭኮም አላማረኝም።

ዓለም ጤና ሳንደርስ ደግሞ ቆመ። ከዓለም ጤና ወጥተን እንደገና ቆመ። ነጠላ የለበሱ ሰዎች በመንገዱ ዳር በቡድን በቡድን ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ቅዳሴ ወጥቷል ማለት ነው። ትንሿ ብሎን አፈር ውስጥ ወድቃብኝ በጉልበቴ ተንበርክኬ ፈለግኋት። ጋሼ ዘንጋቸውን ተደግፈው ያን ሁሉ ሰው አዩ። ከዚያ ታንኩን ከፍተው አዩና ክዳኑን በቁጣ አዞሩት።

“እንግዲህ እኔ ይህን ታንክ ደግሜ አላየውም። ቤንዚን እንዳለው አምኛለሁ። የጎደለን ቤንዚን ሳይሆን ሰዓት ነው” አሉ።

“እንድረስ ብቻ ጋሼ፣ ይጠብቁናል” አልኳቸው።

“ሰውየውን አላወቅኸውም እንዴ? ቲማቲም የማይጠብቅ ሰው ዘውዴን ይጠብቃል?” ብለው ሞተሩ ላይ ወጡ።

መቂ መግቢያው ላይ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚጫንበት ሜዳ ፊት ለፊት፣ ሞተሬ ለመጨረሻ ጊዜ አሳለና ተኛ። ጋሼ እንዳሉትም ታንኩን አላዩም። ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ አቧራውን ከጫማቸው ላይ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ፣ ዘንጋቸውን ይዘው ሁለቱ ሽማግሌዎች ወደሚጠብቋቸው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር እያነከሱ ሄዱ። ለእኔ ብለው ነው ያን ሁሉ መንገድ የመጡት።

ካርቡራተሩን ፈታሁ፣ ነፋሁ፣ ገጠምኩ። ረገጥኩ። ዝም። እንደገና ፈታሁ። ዝም። ጎማዋን ቱቦ ከታንኩ ሥር ብነቅላት ቤንዚን ጠብ፣ ጠብ አለና ቆመ። ታንኩ ሙሉ፣ ቱቦው ደረቅ። ጋሼ ሳያዩልኝ የቀረ ጊዜ ሞተሩ እንቢ ማለቱን ያኔ ልብ አላልኩትም። እንዲያውም የእሳቸው ምርቃት የተለየን መሰለኝ።

የጫኝ ነገር ሥራ ፈቶ አያይም፤ ከበቡኝ። አንዱ ካንዴላው ነው አለ። ሌላው ቤንዚኑ ውኃ ገብቶበታል አለ። አንድ ሽንኩርት ጆንያ ላይ የተቀመጠ ረጅም ሰው ደግሞ ሞተሩን ከላይ እስከ ታች ካየው በኋላ “የሰው ዓይን ነው። ማን ሞተር እንዲህ አሽሞንሙነህ ናልኝ አለህ?” አለኝ። ሳቁ። እኔ ለመሳቅ አፌን ብከፍትም አልወጣልኝም።

ያኔ ነው ጫኞቹ ገለል ገለል ያሉት። “ኦቦ ገመቹ መጡ” አለ አንዱ። ቁመታቸው ዘለግ ያለ፣ ከቤተ ክርስቲያን እንደመጡ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሰው ናቸው። ከዚያ በፊት ፎቶግራፋቸውን እንኳ አላየሁም፤ ግን ጫልቱ የወረሰችውን ግንባር ሳይ ሌላ ምስክር አላስፈለገኝም።

ለጫኞቹ አለቃ እንዲህ ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። “እንግዶች ነበሩኝ፣ ቀሩ። መኪናውን አስጠጉ። ቲማቲም አይጠብቅም።”

ሽማግሌዎቹ ወደ ቤታቸው እየሄዱ ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ እዚህ ከእኔ ጋር ቆመዋል። ጋሼ በሩን አንኳኩተው “የሉም” ሊባሉ ነው። እኔ መናገር አልችልም። ሆኖም አፌ ቀደመኝ።

“እንግዶቹ መንገድ ይዟቸው ይሆናል እኮ አባባ” አልኩ።

ዞር ብለው አዩኝ። “አንተ በምን አወቅህ?”

“አይ፣ እንዲያው... የዛሬ መንገድ ያስቸግራል። እኔንም አስቸግሮኛል።”

“አካም ጉርባ፣” አሉኝ፤ እንደምን ነህ አንተ ልጅ ማለታቸው ነው። “ምን ሆነ ሞተርህ?” ቀረብ አሉ። ለእርሻቸው ውኃ የሚስቡ ሞተሮች ነበሯቸውና የተበላሸ ሞተር አይተው ማለፍ አይሆንላቸውም፤ ይህን ጫልቱ ነግራኛለች። ጋቢያቸውን ለአንዱ ጫኝ ሰጥተው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። እኔ የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ፤ ትንሽ ሄዶ ይቆማል፣ ሳርፍ ይነሣል፣ አሁን ጭራሽ ቤንዚኑም አልወርድ አለ። እያዳመጡኝ ዓይናቸው ክዳኑ ላይ አረፈ። ከዚያ አልተነሣም።

አውራ ጣታቸውን ወፏ ላይ አደረጉ። ቀዩን ክንፍ ዳሰሱ። ሰማያዊውን ዳሰሱ። ከዚያ ቀና ብለው ቅባት ከተቀባው ፀጉሬ እስከ አቧራ የጠገበው ጫማዬ አዩኝ፤ ቀስ ብለው ነው ያዩኝ፣ ገበያ ላይ ሽንኩርት እንደሚያዩት።

“ጥሩ ልብስ ነው። ማን ሰፋልህ?”

“ገበያ... ገበያ ነው የገዛሁት።”

“የት ገበያ?”

“ወለንጪቲ።”

“ወለንጪቲ” አሉ። “ወለንጪቲ እንዲህ ያለ ጥልፍ ይሸጣል እንዴ። አላወቅሁም ነበር።”

እሳቸው ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም። ክዳኑን ከነልብሱ ያዙና አዞሩት። ጢስ አለ። የዚህን ጊዜ ከተነቀለው ቱቦ ቤንዚኑ ጓ ብሎ ጫማዬ ላይ ፈሰሰ። አቶ ገመቹ ሳቁ፤ ሆዳቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ልብሱን ገልብጠው ውስጡን፣ ድርብ ፕላስቲኩን አሳዩኝ።

“ክዳኑ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ታያለህ? በእሷ ነው የሚተነፍሰው። አፉን የደፈንከው ጀሪካን ውኃ ያወርዳል? ይህ ሲደፈን ቤንዚኑም አይወርድም። ሲከፍቱለት ይሄዳል። ካርቡራተርህ ምንም አልሆነ፤ በከንቱ ነው ስታሠቃየው የዋልከው።”

“ልብሱ ነው ብዬ አልነበር?” አለ ያ ጆንያ ላይ የተቀመጠው ሰው።

ጋሼ ትዝ አሉኝ። መንገዱን ሁሉ ሞተሩን ሲያስነሡ የነበሩት እሳቸው ናቸው፤ እኔ ካርቡራተር ሳገላብጥ እሳቸው እያስተነፈሱት ነበር። ሁለታችንም አላወቅንም።

አቶ ገመቹ ልብሱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። “ይሄ እኔ ዘንድ ይቆይ” አሉ። እኔ ቱቦውን መልሼ ገጥሜ ሞተሩን ሳስነሣ ጋቢያቸውን ለበሱ፤ ቀጥለውም አንድ እግራቸውን አንሥተው ከኋላዬ ሞተሩ ላይ ቁጭ አሉ። “በል እቤቴ አድርሰኝ። እንግዶቼን መንገድ ይዟቸው ይሆናል ብለሃል፤ እንይ እስቲ።”

እንግዲህ አስቡት። ሽማግሌው ካለበት ደጅ መታየት የማይገባኝ ሰው፣ የልጅቷን አባት ከኋላዬ አፈናጥጬ ወደ ደጃቸው እየነዳሁ ነው። ሞተሩ ደግሞ ያን ዕለት እንደዚያን ጊዜ አምሮ አያውቅም፤ እንደ ሰዓት ይቆጥራል። ከግቢያቸው ግንብ ጥግ እንደዞርን ሽማግሌዎቹ ቆመው በሩ እየተከፈተላቸው አየሁ። ጋሼ ዞረው አዩኝ። ከኋላዬ ማን እንዳለ አዩ። ዘንጋቸው ከእጃቸው ሊያመልጥ ሲል ያዙት። ሃያ በቅሎ ቢደነብርባቸው እንዲያ የሚደነግጡ አይመስለኝም።

“እነዚህ ናቸው እንግዶቼ” አሉ አቶ ገመቹ ሲወርዱ። “ይህ ልጅ መንገደኛ ነው፤ ሞተሩ ተበላሽቶበት ረዳሁት፤ እሱም አደረሰኝ።”

ጋሼ ዘንጋቸውን ተደገፉ። “እግዜር ይስጥህ፣ የኔ ልጅ” አሉኝ፤ አይተውኝ እንደማያውቁ ሆነው። “ቤተሰብ አለህ?”

“አጎት አለኝ” አልኳቸው።

“ይባርክልህ። አጎት ትልቅ ነገር ነው።” እንዲህ ሲሉ እንኳ ዓይናቸው ትንሽ ስቋል።

ሽማግሌዎቹ ገቡ። አቶ ገመቹ ግን በሩ ላይ ወደኋላ ቀሩና ወደ ጆሮዬ ዘንበል አሉ። “አትንገራት” አሉኝ በዝግታ። “ዓይኗን እስኪያማት ተቀምጣ የሠራችው ነው። ሥራዋ መንገድ ላይ እንዳስቀረህ ብትሰማ ይከፋታል። ጠፋብኝ በላት። ቃል?”

“ቃሌ ነው” አልኩ። ቀና ስል መስኮቱ ላይ መጋረጃ ተነቃነቀ።

ሻይ ቤት ገብቼ የተቀመጥኩትን መቀመጥ ለጠላቴም አልመኘው። የቀዘቀዘ ሻይ ፊቴ አስቀምጬ ነገሩን ገለበጥኩት። ሰውየው አውቀዋል። ማወቃቸው ጥፋታችን ነው ወይስ መዳኛችን? የሳቁት ሳቅ የደግ ሰው ሳቅ ነበር። “ይሄ እኔ ዘንድ ይቆይ” ያሉት ግን ምን ማለት ነው? ለቤተ ዘመዱ አውጥተው “ይኸው ልጄ የሠራችው” ሊሉ ይሆን?

ጋሼ ሲመጡ ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች። ፊታቸው ምንም አይናገርም፤ ሆን ብለው ነው። ተቀመጡ። ሻይ አዘዙ። ስኳሩን አማሰሉ።

“ጋሼ፣ በእግዚአብሔር” አልኳቸው።

“ቆመን ለመንን” አሉ። “ሰውየው ‘ልጁን አላውቀውም፣ አይቼውም አላውቅ፤ ምን ዓይነት ሰው ነው?’ አሉ። ይህን ሲሉ ፊታቸው እንደ ድንጋይ ነው። መምህር ነው አልኩ። ‘ሲቸገር ምን ያደርጋል?’ አሉኝ። አይሳደብም፣ ተንበርክኮ ይሠራል፤ የሚሠራው ሁሉ ትክክል ነው ባልልም አይታክትም አልኳቸው። ‘ሚስቱን ያስከፋል?’ አሉ። የሚያስከፋትን ነገር ሊነግራት ከሆነ ምላሱን ይነክሳል አልኩ። ይህን ለምን እንዳልኩ አላውቅም፤ መጣልኝ። ሰውየው ኪሳቸውን መታ መታ አደረጉ።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ወጉ ‘ዘመድ እንማከር፣ ሌላ ቀን ተመለሱ’ ነው። እኔም ለሌላ ጊዜ ዘንጌን አዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን ‘ቀጠሮ ምን ያደርጋል? ቲማቲም አይጠብቅም። ሰጥቻለሁ፣ ተቀመጡ’ አሉ።” ጋሼ ጋቢያቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። “ተቀመጥን፤ በላን። ያንተን ድርሻም በልቻለሁ።”

ሻይ ቤቱ ውስጥ ሰው እያየኝ ጉልበታቸውን ሳምኩ። በመልሳችን ቆቃ ላይ ዓሣውን በዳጣ በላን፤ ቤንዚን ቤንዚን ይለኛል፤ ያን ያህል የጣመኝ ዓሣ ግን ከዚያ ወዲህ አላጋጠመኝም። ከመነሣታችን በፊት ጋሼ ታንኩን ከፍተው አዩ። ሞተሩ ምንም አልሆነም፤ ልማድ ሆኖባቸው ነው። “አለው” አሉ።

ጥር ላይ ተጋባን። ጫልቱ የክዳኑን ልብስ ስትጠይቀኝ “መቂ ላይ ጠፋብኝ” አልኳት። “ምንም አይደል፣ ሌላ እሠራልሃለሁ” አለች። አልሠራችም። ልጅ መጣ፣ ሥራ መጣ፣ ረሳችው ብዬ ተውኩት፤ ሞተሯም ቆይታ ተሸጠች። ጋሼም አቶ ገመቹም አለፉ። እኔ ግን ምስጢሬን ይዤ ኖርኩ። ተጣልተን ስንኳረፍ እንኳ “ይችን አንድ ነገር ለአንቺ ስል ደብቄልሻለሁ” እያልኩ በልቤ እኮራ ነበር። ባል ሚስቱን አንዳንዴ በዝምታም ይወዳታል፤ እኔ በዚህ ረገድ ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበር የማምነው።

እና ዛሬ ጠዋት ያ ወጣት ካርቡራተሩን ሲነፋ እኔ ሻዬን ይዤ አፌን እንደዘጋሁ ተቀምጫለሁ። ልጁ ረገጠ፤ እንቢ አለው። ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ልናገር ወይስ ልተው ስል ከኋላዬ የመስኮቱ መዝጊያ ተከፈተ።

“ልጄ፣” አለች ጫልቱ፣ ሽንኩርቱ ዓይኗን አስለቅሷት፣ “ካርቡራተሩን ተወው። ያን ፌስታል ከክዳኑ ላይ አንሣለት። መተንፈሻውን ደፍነህበት ነው።”

ልጁ ፌስታሉን ፈታ፤ ክዳኑን አዞረ። ጢስ አለ። ረገጠው፤ ተነሣ። “እማማ፣ ሜካኒክ ነዎት እንዴ?” አለ። ሳቀች። ሲሄድ እጁን አወዛወዘልን።

እኔ ወንበሬ ላይ ዞሬ ቀርቻለሁ። “ማን ነገረሽ?”

“አባባ።”

“መቼ?”

“ሠርጋችን ዕለት፣ ስሸኝ። ልብሱን እጄ ላይ አስቀምጦ ሁሉንም ነገረኝ። ‘እሱ ላይነግርሽ ቃል ሰጥቶኛል፤ አውቃለሁ አትበይው። ደብቄላታለሁ ብሎ ደስ ብሎታል፤ ደስታውን አትንኪበት’ አለኝ።” ሽንኩርት የያዘ እጇን በመቀነቷ ጠረገች። “ዛሬ ልጁ አሳዘነኝ።”

ተነሥታ ወደ መኝታ ቤት ገባች። ሣጥኗ ሲከፈት ሰማሁ። ተመልሳ ስትመጣ አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ቀለሙ ደብዝዟል፤ ወፏ ግን አለች፣ አንድ ክንፏ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ። ገለበጥኩት። ድርብ ፕላስቲኩ መሐል በመቀስ ክብ ተደርጎ ተቆርጧል፤ ዙሪያው እንዳይተረተር በጥሩ ክር ተቀምቅሟል፤ ከላይም በወፏ ሆድ ሥር የማትታይ ቀዳዳ አለች።

“እንዲተነፍስ አድርጌ አስተካክዬው ነበር” አለች። “በሠርጋችን ሰሞን ነው ያስተካከልኩት። ግን ብሰጥህ ማወቄን ታውቅብኛለህ። ስለዚህ አስቀመጥኩት።”

አሁንም ይህን ስጽፍ ልብሱ ጉልበቴ ላይ ነው፤ የማለብሰው ሞተር ግን የለኝም። ወደ ወጥ ቤት ተመልሳ ሽንኩርቷን እየከተፈች ነው። ከዚህች ሴት የምደብቀው አንድ ነገር ነበረኝ፤ እሱም ዛሬ አለቀ። ትንሽ ቅር ብሎኛል፤ በጣም ግን ደስ ብሎኛል።